ሁለት ጣት ብርሃን

ባለፈው ሳምንት እዚህ እስራኤል፣ ጌዴራ ውስጥ የአንዲት አሮጊት መስኮት ጠግኜ፣ እጄን በቅጡ ሳልታጠብ ፋላፌሌን ይዤ መኪናዬ ውስጥ እንደ ተቀመጥሁ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ዮናታን ከያቭነ ፎቶ ልኳል። ከፈትሁት። ከክንዴ የማትበልጥ አንዲት ፍጥረት፣ ዳይፐሯን ብቻ ታጥቃ፣ ዓይኗ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ሰማያዊ መብራት ሥር እጇን ግራና ቀኝ ዘርግታ ተንጋላለች። የመጀመሪያዋ የልጅ ልጄ ናት። ገና ዓለምን ሳታይ ኤላት ወርዶ ባሕር ዳር የተጋደመ ቱሪስት መስላ አረፈችው፤ የጎደላት ጃንጥላና አሳላፊ ብቻ ነው። ከፎቶው ሥር ዮናታን፣ "አባ፣ ትንሽ ቢጫ ሆናለች፤ ነገ ከሆስፒታል ትወጣለች። ሁሉም ቤሰደር" ብሎ ጽፎልኛል፤ ቤሰደር በዕብራይስጥ ደህና፣ እሺ ማለት ነው።

ሳቅሁ። እኔ ስስቅ ትንሽ አይደለም፤ ባለቤቴ እንደምትለው ሳቄ ከቂርያት ማልአኪ ተነሥቶ አሽዶድ ወደብ ላይ መርከብ ያስበረግጋል። የሰሊጥ ማባያው ጣሂና ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ እንዴት እንደ ሆነ አላውቅም፣ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ዓይኔ ውሃ ሞላ። ያቺ "ነገ ትወጣለች" የምትለው ቃል ናት ጉድ ያደረገችኝ። ነገሩ እንዲህ ቀለለ ማለት ነው፤ ከፋላፌል ጋር የሚዋጥ ወሬ ሆነ ማለት ነው። እኔ ያንን ሰማያዊ መብራት መጀመሪያ ያየሁ ቀን ግን ምራቄም አልተዋጠልኝም ነበር።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ወታደርነቴን ከጨረስሁ ዓመት አልሞላኝም። ቤኤር ቱቪያ የፋብሪካው ሰፈር ትሪስ የሚሠራ መጋዘን ቀጥሮኛል። ትሪስ ማለት እዚህ አገር መስኮት ሁሉ ከውጭ የሚለብሰው መዝጊያ ነው፤ የፕላስቲክ ዘንጎች እንደ ሰሌን ተያይዘው፣ በቀበቶ ሲስቡት ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ሲለቁት ይወርዳል። መጋዘኑ ጀርባዋ ክፍት የሆነ ቴንደር ሰጥቶኝ ነበር። ማርሽ ስትቀይር እንደ አህያ የምታናፋ፣ ዳገት ስታይ የምታለቅስ መኪና ናት። እኔና እሷ ከቂርያት ማልአኪ እስከ ጌዴራ፣ ከጌዴራ እስከ ያቭነ ያልደረስንበት መስኮት አልነበረም። ትንሽ ልጨምርበትና፣ በዚያ አካባቢ ፀሐይ ሰው ቤት የምትገባው እኔን አስፈቅዳ ነበር።

የዚያን ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ ብርቱካኑ አብቦ ከተማው ሁሉ ሽቶ ተደፍቶበት የመጣ ሙሽራ በመሰለበት ሰሞን፣ ታናሽ እህቴ ትርንጎ ሴት ልጅ ወለደች። ሆስፒታል ወለደች፣ በሁለተኛው ቀን ደህና ናችሁ ተብለው ወደ ቤት መጡ። ባሏ አድጎ ለሚልዋኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር አገልግሎት ማለቴ ነው፣ ወደ ሰሜን ድንበር ተጠርቶ ሄዷል። ቤት ውስጥ ያሉት እሷና የአድጎ እናት እማማ ያልጋነሽ ብቻ ናቸው።

የኛን የቤተ እስራኤልን ወግ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገረው፤ ባጭሩ መናገር ባልችልበትም። ባገር ቤት፣ በጎንደር በኩል፣ ሴት ስትወልድ ከመንደሩ ዳር ወደ ተሠራ የአራስ ጎጆ ትገባለች። ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ተለይታ ትቀመጣለች። የነካት ሰው ይረክሳል፤ ውሃ ገብቶ፣ ፀሐይ ጠልቃ ካልሆነ ከሰው አይቀላቀልም። ጎረቤቶቻችን በዚህ ጠባያችን "አትንኩኝ" እያሉ ይጠሩን ነበር። እንግዲህ ቂርያት ማልአኪ ላይ፣ በፎቅ ቤት፣ የአራስ ጎጆ ከየት ይመጣል? እማማ ያልጋነሽ የኋለኛውን ክፍል ጎጆ አደረጉት። ሳህኗ ለብቻ፣ ብርጭቆዋ ለብቻ፣ ምግቧ ደፍ ላይ ተቀምጦላት በሩን ገርበብ አድርጋ ትወስዳለች።

በዚያ ላይ ምች አለ። ምች ማለት ፀሐይ አድፍጣ የምትጥለው በሽታ ነው፤ ከአራስና ከጨቅላ የበለጠ የሚወደው ሥጋ የለም። ስለዚህ ትርንጎ መውለጃዋ ሲቃረብ እማማ ያልጋነሽ አስጠሩኝና የኋለኛውን መስኮት እያሳዩ፣ "በዚህ በሽንቁሩ ፀሐይ ይገባል። ድፈነው" አሉኝ።

ደፈንሁት። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። በየዘንጉ መሐል ጎማ ከተትሁ፣ ታችኛውን ጫፍ ከውጭ በብሎን ጠረቅሁት። እኩለ ቀን ላይ ክፍሉ የዓሣ አንበሪ ሆድ ሆነ፤ ነቢዩ ዮናስ ቢገባበት "የድሮዬን መልሱልኝ" ብሎ ይጮህ ነበር። እንኳን ፀሐይ፣ የጎረቤት ሐሜት አያልፍበትም። ያለችው ከጣራው የተንጠለጠለች አንዲት ደብዛዛ ቢጫ አምፖል ብቻ ናት።

ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ዶሮ ወይም ዳቦ ይዤ ጎራ እላለሁ። ወንድ ነኝና ከበሩ አላልፍም። ወንበር አስጠግቼ ከተዘጋ በር ጋር እጫወታለሁ።

"እንዴት ዋላችሁ?"

"ደህና ነን። በር አትደብድብ፣ ተኝታለች" ትላለች ትርንጎ ከውስጥ።

"ትናንትም ተኝታ ነበር።"

"ምን ላድርጋት፣ ጨዋ ናት። ባንተ አልወጣችም። ለጡት እንኳ እኔ ነኝ የምቀሰቅሳት።"

እማማ ያልጋነሽ ከወጥ ቤት ሆነው፣ "የጨዋ ልጅ አይጮህም። አባቷም እንዲሁ ነበር" ይላሉ።

"ኧረ እኔን ነው የመሰለች። እኔም ወታደር ቤት ምግብ የምበላው አዛዡ ቀስቅሶኝ ነበር።"

ትርንጎ ከበሩ ወዲያ ሳቀች። አጭር ሳቅ ነበር፤ የደከመው ሰው ሳቅ። እኔ ግን ሰው ካሳቅሁ በኋላ ሌላ ነገር አልሰማም፤ ተነሥቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በማግስቱ ጥዋት ቲፓት ሐላብ ትሪሱ አልከፈት ብሏቸው ጠሩኝ። ቲፓት ሐላብ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያስመዝኑበት፣ የሚያስከትቡበት የጤና ጣቢያ ነው። ነርሷ ሲምሐ ትባላለች። ቤተሰቦቿ ከየመን የመጡ፣ አጭር፣ ደንዳና ሴት ናት፤ ስትራመድ ወለሉ "መጣሁ" ይላል። እዚያ መሰላል ላይ ወጥቼ ዘንጉን ስነቅል ከታች ሕፃናቱ እሪ ይላሉ። አፌ አያርፍምና፣ "ሲምሐ፣ እነዚህን ረባሾች ሰብስበሽ የእህቴን ልጅ እንዲያዩ ላኪያቸው። ከመጣች አልቅሳ አታውቅም። ለጡት ካልቀሰቀሷት እስከ መጪው ፋሲካ ትተኛለች" አልኋት።

ሲምሐ አልሳቀችም። ብዙ ሰው በቀልዴ ሳይስቅ ቀርቶ ያውቃል፤ እንደሷ ያለ አለመሳቅ ግን አላየሁም። የያዘችውን ሕፃን ለእናቱ ሰጥታ መሰላሉ ሥር መጣች።

"ስንት ቀኗ ነው?"

"ሳምንት አልሞላትም።"

"ትጠባለች?"

"ትጀምርና ጡቱን ይዛ ትተኛለች አሉ።"

"የዓይኗ ነጩ ምን ይመስላል?"

"እኔ ምን አውቄ። አላየኋትም።"

"ማን አይቷታል?"

"እናቷ። አያቷም ብቅ ይላሉ።"

"በቀን ብርሃን ነው የምልህ።"

መሰላሉ ላይ እንደ ቆምሁ አሰብሁ። ያንን ክፍል አሰብሁት፣ ያንን ጎማ፣ ያንን ብሎን። በቀን ብርሃን ያያት ሰው አልነበረም። ከሆስፒታል ስትወጡ እዚህ መጥታችሁ ታዩ ተብላ ነበር፤ ትርንጎ "ቤሰደር" ብላለች። የኛ ሰው ለትልቅ ሰው እምቢ ማለት ነውር ስለሆነበት ቤሰደር ይልና በክብር ይቀራል።

"ያላ፣ ውረድ" አለች ሲምሐ፣ ሚዛኗን በብብቷ እያደረገች።

እማማ ያልጋነሽ እንግዳ አክባሪ ናቸው። ሲምሐን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ወንበር ሳቡ፣ ውሃ አመጡ። ወደ ክፍሉ ልግባ ስትላቸውም አልከለከሏትም። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ዕብራይስጡን ወዲያ፣ አማርኛውን ወዲህ አመላልሳለሁ። ሚዛኑ ሲንቋቋ ይሰማኛል። የልጅቷ ድምፅ አይሰማኝም።

ሲምሐ ወጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ክብደቷ ወርዷል። ስነካካት አትነቃም" አለችኝ። "ደሟ ውስጥ ቢጫው በዝቶ ይሆናል። ሲበዛ ያስተኛል፣ ሲብስ አንጎል ይጎዳል። ግን በዚያ አምፖል ሥር እኔም ቢጫ ነኝ፣ ግድግዳውም ቢጫ ነው። የእጅ ባትሪዬም ያው። ወይ መስኮቱን ክፈቱልኝ፣ ወይ በረንዳ እናውጣት። ከዚያ ወደ ሆስፒታል።"

ተረጎምሁ። እማማ ያልጋነሽ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በሩ ፊት ቆሙ።

"አይሆንም" አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ የተቆጣ ሰው በቀልድ ይመለሳል።

"እምቢ ካሉ ስልክ ደውዬ በግድ ማስወሰድ እችላለሁ" አለች ሲምሐ ወደ እኔ ዞራ። "ካልሆነ አደርገዋለሁ። ግን የዛሬዋን በግድ ብወስድ የሚቀጥለውን ሕፃን ይደብቁኛል። በዓይናቸው እንዲያዩ ነው የምፈልገው። ሂድ አነጋግራቸው። ጨዋታ አታብዛ።"

እማማ ያልጋነሽን ወደ ደረጃው ወሰድኋቸው። ተቀመጥን። ውጭ ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ የብርቱካን አበባና የአቧራ ሽታ አደባልቆ ያመጣል። አንድ ቀልድ ጀመርሁ።

"ተው" አሉኝ። "ዛሬስ ተው።"

ተውሁ።

"ወደዚህ ለመምጣት በእግር ሱዳን ስንሄድ መንገድ ላይ ወለድሁ" አሉ። ይህንን ከሳቸው ሰምቼ አላውቅም፤ አድጎም የሰማ አይመስለኝም። "ጎጆ የለ፣ ዛፍ የለ። ሴት ልጅ ናት። ሰው ይሄዳልና አቅፌያት ሄድሁ። ነጠላ ብጥልባት ፀሐዩ በነጠላው ያልፋል። እሷም ጨዋ ነበረች፣ አላለቀሰችም። አሸዋው ውስጥ ቀበርናት። ስም እንኳ አላወጣሁላት።" መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። "ይችኛዋን ፀሐይ አያገኛትም ብያለሁ። ልጄም ድንበር ላይ ነው፤ ሲመጣ ልጅህ የታለች ቢለኝ ምን እለዋለሁ?"

እኔ ሲጋራ የማላጨስ ሰው፣ የዚያን ቀን ሲጋራ ፈለግሁ። ሌላ የሚባል ስላጣሁ ብቻ፣ "ያገር ቤቱ ጎጆ እንዴት ያለ ነበር?" አልኋቸው። ከአገር ስወጣ ትንሽ ነበርሁ፤ ወንድም ነኝ፤ አይቼው አላውቅም።

ፊታቸው ትንሽ ተፈታ። "ጎጆው? ደግ ነበር። ግድግዳው ጭራሮ ነው፣ ጭቃ አልነካውም። ሴቶቹ ደጁን አይለቁም። አንዷ ገንፎ ታመጣለች፣ አንዷ ውሃ ታሞቃለች። አብራሽ የምትቀመጠዋ ልጁን ታገላብጣለች፤ ሆዱን ታያለች፣ ምላሱን ታያለች። ጥዋት ጥዋት በጭራሮው መሐል..."

"በጭራሮው መሐል ምን?"

"ያው ጥዋቱ ይገባል።"

"ብርሃን ይገባ ነበር?"

"ሁለት ጣት፣ ሁለት ጣት። የልጁ ገላ ላይ እንደ ጥለት ይወርዳል። እሱማ ምች አይደለም። እሱ ማየት ነው።"

"እማማ፣ እኔ የሠራሁት መስኮት እኮ ሁለት ጣትም የለው።"

አዩኝ። እንዴት እንዳዩኝ ዛሬም ይታየኛል፤ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ተበላሸ ዕቃ ነው ያገላበጡኝ።

"አንተ ነህ የደፈንኸው።"

"እርስዎ አዝዘውኝ ነው።"

"አዝዣለሁ። ግን እንዲህ አድርገህ ትደፍነዋለህ ብዬ መች ጠረጠርሁ? ወትሮ ሥራህ ሁሉ ግማሽ ነው።" ተነሡ። "ሂድ። ሁለት ጣት ክፈት። ከሁለት ጣት ያለፈ እንደ ሆነ እጅህን ነው የምቆርጠው።"

ብሎኑ ከውጭ ነው። ወደ ክፍሉ መግባትም አልችልም። መሰላሌን ከቴንደሯ አውርጄ በጓሮ በኩል ግድግዳው ላይ አስደገፍሁት። ምድር ቤት የሚኖሩት ሽማግሌ ወንበራቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ቀና ብለው፣ "ምን ሆናችሁ፣ ቁልፍ ጠፋባችሁ?" አሉ።

"የለም፣ ፀሐይ ጠፍታብን ነው።"

"ወደ ውስጥ ነው እንዴ የገባችው?"

"እሷን ነው የምናጣራ።"

የገዛ ሥራዬን መፍታት መከራ ሆነብኝ። ብሎኑን እንደዚያ ያጠበቀው ማን ነው እያልሁ ራሴን ረገምሁት። ጎማውን በካቻቪቴ እየነቀልሁ ቁልቁል ወረወርሁ፤ ሽማግሌው አንዱ ጭናቸው ላይ ሲወድቅ ኪሳቸው ከተቱት። በመጨረሻ የታችኛውን ጫፍ በሁለት እጄ ይዤ አነሣሁ። አንድ ጣት። ሁለት ጣት። እዚያ ላይ ያዝሁት።

መስኮቱ ክፍት ነበርና የሚሉት ሁሉ ይሰማኛል። ሲምሐ "ወዲህ አምጫት፣ ወደ ብርሃኑ" አለች። ማንም ሳይተረጉም ትርንጎ ገባት፤ እግሯ ሲጎተት ሰማሁ። ብርቱካኑ ላይ የሚርመሰመሱ ንቦች ከመንገዱ ማዶ ይሰሙኝ ነበር ብላችሁ አጋነነ ትሉኛላችሁ፤ ይሰሙኝ ነበር።

"ከፍ አድርገው" አሉ እማማ ያልጋነሽ።

"እማማ፣ ሁለት ጣት ብለውኛል።"

"ከፍ አድርገው አልሁህ። ሁሉንም።"

አነሣሁት። ሙሉውን፣ እስከ ላይ። የእህቴን ልጅ መጀመሪያ ያየኋት በመስኮት፣ መሰላል ላይ ቆሜ ነው። ከአያቷ መዳፍ አልሞላችም። ሲምሐ በአውራ ጣቷ የልጅቷን አፍንጫ ጫን አድርጋ ስትለቀው፣ ከጠይሙ ቆዳ ሥር እርድ የመሰለ ቢጫ ብቅ አለ። ሽፋሽፍቷን ገልጣ አሳየች፤ ነጩ ነጭ አልነበረም። እማማ ያልጋነሽ አላለቀሱም። ልጅቷን ለትርንጎ አቀበሉና አልጋው ላይ ያለውን ፍራሽ መጠቅለል ጀመሩ።

"ምን ሊያደርጉ ነው?" አለች ትርንጎ።

"ሆስፒታል እንሄዳለን።"

"እንዴት አድርጌ? ሰማንያ ቀኔ ሳይሞላ ወንበር ላይ ብቀመጥ፣ ከኔ በኋላ የሚቀመጠው ሰው ምን ያውቃል? ሳያውቅ ላረክሰው?"

ስለ ልጇ እንዲያ እየፈራች፣ ስለማታውቀው መንገደኛ የምትጨነቅ እህት ነበረችኝ። እኔ አውቶቡስ ውስጥ ለሰው ወንበር መልቀቅ እንኳ የምረሳ ነኝ።

"በራስሽ ፍራሽ ትቀመጫለሽ" አሉ እማማ ያልጋነሽ። "ማንንም አትነኪም። ያ መኪና ክፍት ነው አይደል?"

ሲምሐና እማማ ያልጋነሽ ፍራሹን በደረጃው አወረዱ፤ እኔ ከፊት እየሄድሁ በር እከፍታለሁ። ቴንደሯ ጀርባ ላይ፣ በትሪስ ዘንግና በሳጥን መሐል አነጠፉት። የዕቃ መሸፈኛዬን ሸራ ከላይ ወጠርሁበት። ትርንጎ ልጅቷን አቅፋ ወጣች። ከዚያ እማማ ያልጋነሽ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተከተሏት፤ ጎኗ ተቀምጠው በአንድ ክንዳቸው እናትና ልጅን አንድ ላይ አቀፉ።

"እርስዎም እኮ ረከሱ" አልኋቸው።

"ማታ ውሃ እገባለሁ። ውሃ አልጠፋ። ንዳ።"

ነዳሁ። ሲምሐ ጎኔ ተቀምጣ ሁለት ጊዜ "ፍጠን"፣ ሦስት ጊዜ "ቀስ በል" ትለኛለች። ያኔ መንገዱ ግራና ቀኙ የብርቱካን እርሻ ነው፤ ዛሬ ፎቅ የበቀለበት ሁሉ ያኔ ዛፍ ነበር። በመስታወት ሳይ ሸራው እንደ ሸማ ይውለበለባል፣ ከሥሩ የእማማ ያልጋነሽ እጅ ብቻ ይታየኛል። የጌዴራው መብራት ቀይ ሆኖ ያዘን። ያ መብራት እስከ ዛሬ ረጅም ነው፤ የዚያን ቀን ግን እዚያ ቆሜ ጢሜ ሲያድግ ተሰምቶኛል። ከኋላ ድምፅ ይኖር እንደ ሆነ ጆሮዬን ጣልሁ። ልጅቷ ዝም አለች። ያ ሁላችን ያወደስነው ጨዋነቷ ደሜን አቀዘቀዘው።

ሆስፒታል ስንደርስ ተረከዟን ወግተው ደም ወሰዱ። ብዙ ሳይቆዩ አንዲት ወጣት ሐኪም መጥታ፣ ቢጫው ከፍ ማለቱን፣ ግን በጊዜ መምጣታችንን ነገረችን። "በጊዜ" የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አስደገምኋት። ልብሷን አወለቁላት፣ ዓይኗን ሸፈኑላት፣ ከዚያ ሰማያዊው መብራት ሥር አስተኟት። በቱቦም በጡትም ይመግቧት ጀመር።

እማማ ያልጋነሽ መስታወቱ ጋ ተጠግተው ብዙ አዩ። "ይኼስ ፀሐይ ምች የለውም?" አሉ።

"ምች ሰማያዊ አይወድም" አልኋቸው። ሲምሐ ምን አልኻቸው ብላ ስትጠይቀኝ ነገርኋት፤ የዚያን ቀን መጀመሪያ የሳቀችው ያኔ ነው። ከዚያ በኔ አስተርጓሚነት፣ መብራቱ ሳያቃጥል በቆዳ ገብቶ ቢጫውን እንደሚፈታው፣ ልጅቷም በሽንትና በዓይነ ምድር እንደምታወጣው አስረዳቻቸው። "ቤት ውስጥ የሚገባው የመስኮት ብርሃን ይህንን አይሠራም። መድኃኒት አይደለም፤ ማያ ነው። ይህ ልጅ መንገድ ላይ እንደ ነገረኝ፣ እርስዎ እንዳሉት። አይታችሁ ታመጡልኛላችሁ።"

ትርንጎ አሁንም እንደ ቆመች ነው። ወንበር ቢሰጧት አልቀመጥም አለች። በኮሪደሩ ካባ የደረቡ ሴቶች ግድግዳ ይዘው ቀስ እያሉ ያልፋሉ።

"እኒህ ምንድን ናቸው?" አሉ እማማ ያልጋነሽ።

"አራሶች።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

ዞር ዞር ብለው ተመለከቱ። አንዷ ጡቷን አውጥታ ታጠባለች፣ አንዷ ሾርባ ትጠጣለች፣ ሁለቱ ልጅ ተለዋውጠው ያያሉ። "ታዲያ ይኼ የአራስ ጎጆ አይደለም እንዴ" አሉ። "ጣራው ከፍ አለ እንጂ። ተቀመጪ ልጄ፣ ቤትሽ ነው።"

ትርንጎ ተቀመጠች። ከወለደች ጊዜ ጀምሮ መጀመሪያ የተቀመጠች እስኪመስለኝ ድረስ ነው የተቀመጠችው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከመስታወቱ ውጭ ቆመን ሳለ ልጅቷ እግሯን አወራጨች። አፏን ከፈተች። ከዚያ ጮኸች። እንዴት ያለ ጩኸት መሰላችሁ፤ ባለጌ፣ የተራበ፣ ማንንም የማያከብር ጩኸት። ትርንጎ ጡቷ እየፈሰሰ ሮጠች። እማማ ያልጋነሽ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሲምሐ በመዳፏ ከደነችባቸው። ያቺ ልጅ ዛሬ ጌዴራ ውስጥ መኪና መንዳት ታስተምራለች፤ ተማሪዎቿ ፍሬኑን የሚረግጡት በእግራቸው ሳይሆን በሷ ጩኸት ነው ይባላል።

እማማ ያልጋነሽ ከዚያ ወዲህ ሥራ አገኙ፤ የሾማቸው ባይኖርም። ሰፈር ውስጥ ሴት ወለደች ሲባል ገንፏቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ የነካሁትን ነክቻለሁ ይላሉ፣ ትሪሱን ሁለት ጣት ያስከፍታሉ፣ ልጁን ወደ ብርሃኑ አምጥተው ያገላብጣሉ። ያልጣማቸው ነገር ካዩ ሲምሐን ይጠሯታል። ሲምሐም ከጣቢያዋ መጥታ ደፍ ላይ ቆማ የማትጠብቅ፣ ገብታ ፍራሽ ላይ የምትቀመጥ ሆነች። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ። እማማ ያልጋነሽ "ጎጆውን ማን ያውቃል፣ እናንተ ወይስ እኛ?" አሏቸው። ገብቶ ያየው ወንድ ስላልነበረ ክርክሩ እዚያው አለቀ።

እንግዲህ ፎቶው በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን፣ ልጅቷ ከሆስፒታል ወጥታ፣ የልጅ ልጄን ለማየት ያቭነ ሄድሁ። ዮናታን ሥራ ገብቷል። በሩን ምራቴ ሊሮን ከፈተችልኝ። አዲስ ፎቅ ነው፤ ከሁሉም አቅጣጫ ብርሃን ይገባል፣ ወለሉ ላይ ፊትህን ታያለህ። ልጅቷ ደህና ናት፤ ወዟ ተመልሷል፣ የእናቷን ጡት ትጎትታለች፤ ሐኪሞቹም የሚያሳስብ ነገር የለም ብለዋል። ሊሮን ግን ፀጉሯን አላበጠረችም። ጠረጴዛው ላይ የቀዘቀዘ ፒዛ አለ፣ አንዱ ቁራጭ ተነክሶ ቀርቷል።

"ማን አለሽ እዚህ?" አልኋት።

"ማንም። እናቴ ከሐይፋ ሐሙስ ትመጣለች። ደህና ነኝ ሳባ" አለችኝ፤ ሳባ ማለት አያት ነው፤ መጀመሪያ እንዲያ ብላ ስትጠራኝ ነው። ደህና ነኝ እያለች እንባዋ ወረደ። ምክንያቱን ብጠይቃት እሷም አታውቀውም። "እንቅልፍ" አለች መጨረሻ ላይ። "እንቅልፍ ብቻ።"

እዚያ ያ ሁሉ ብርሃን መሐል ተቀምጬ አንድ ነገር ገባኝ። እኛ ከጎንደር ስንመጣ ጎጆውን ከነጨለማው አመጣነው፤ ደጁን የማይለቁትን ሴቶች ግን በየከተማው በተናቸው። ልጆቻችን ደግሞ ጨለማውን ጣሉት፣ ደግ አደረጉ፤ ሴቶቹን ግን መልሶ የጠራቸው የለም። ያንን ሁሉ ወግ ያወጡት የድሮ ሴቶች ስለ ርኩሰት ምን እንዳሰቡ እኔ አላውቅም፤ የኛ ቄሶች ይንገሩን። አንድ ነገር ግን እጠረጥራለሁ፦ አንድ ጊዜ እንኳ፣ ሰማንያ ቀን ሙሉ፣ ማንም ወንድ መጥቶ "ምሳ የታለ?" የማይላት ሴት እንድትኖር ፈልገው ይሆናል።

ለትርንጎ ደወልሁ። ምንም አላስረዳኋትም፤ "ያቭነ ነይ፣ ብቻሽን እንዳትመጪ" አልኋት። ከምሳ በኋላ መጡ። ትርንጎ፣ ሁለቱ የአጎቴ ልጆች፣ አንዲት ከጋን ያቭነ ከተማ የመጣች ዘመዳችን፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ሁለት ደግሞ፤ ድስታቸውን፣ ቅቤያቸውን፣ ድምፃቸውን ይዘው። ሊሮን ግማሹን አማርኛ አይገባትም፤ እነሱም ግማሹን ዕብራይስጧን አይሰሙም። አንዷ ልጅቷን ወሰደቻት፣ አንዷ ፒዛውን ጣለችው፣ አንዷ ውሃ ጣደች። ትርንጎ ሊሮንን በትከሻዋ ይዛ ወደ መኝታ ክፍሉ አስገባቻት። እኔ ሶፋው ላይ ተደላድዬ አንድ የድሮ ቀልድ ልጀምር ስል፣ "አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?" ብለው ገንፎ በሳህን አስይዘው ወደ ደረጃው አስወጡኝ።

እዚያ ተቀምጬ በላሁ። ቅቤው ጣቴ ላይ እየወረደ፣ በሩ ውስጥ ስድስት ሴት በአንድ ጊዜ ሲያወራ፣ ድስት ሲንኳኳ፣ ልጅቷ አንዴ ብቻ ጮኻ ከአንዱ ጭን ወደ ሌላው ስትተላለፍ ሰማሁ። ቆይቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ወደ ክፍቱ መኝታ ክፍል አጮለቅሁ።

ሊሮን ተኝታለች። በጠራራ ፀሐይ፣ ያ ሁሉ ጫጫታ ከአልጋዋ አጠገብ፣ አፏን ከፍታ፣ እንደ ሕፃን ተኝታለች።